ቤት እንደሚነሣ ያነሣነው ሞተር

ትእዛዙ ማለዳ ደረሰን። ሻምበል ጦራችን ሲመሻሽ የያዘውን ኮረብታ ለቆ ያፈገፍጋል፤ መራመድ የሚችል በእግሩ፣ ቁስለኛ በመኪና። ቁስለኞቻችን አራት ነበሩ። ለእነሱ የተመደበችው ዋዝ መኪና ግን ሞተሯን ጥይት ሰንጥቆት፣ ዘይቷን ዘርግፋ ገደሉ ሥር ቆማለች። የአዛዣችን ዋዝ ደግሞ ሞተሯ ደህና ሆኖ ካምቢዮዋን ፍንጣሪ ሰባብሮታል። ከሁለቱ አንዲት የምትሄድ መኪና ማውጣት ነበረብን።

እኔ የከተማ ልጅ፣ የሲቀላ ሰፈር ነኝ፤ ለውትድርና ከመመልመሌ በፊት እንጀራዬ ጋራዥ ነበር። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልወድም፤ ያኔም አልወድም ነበር። መቶ አለቃው ጠርቶ «እስኪመሽ ሞተሩን ታዛውራለህ?» አለኝ።

«ፓራንኮ ከየት ይምጣ?» አልኩት። ጋራዥ ውስጥ ሞተር በሰንሰለት ተስቦ የሚወጣው በፓራንኮ ነው።

«እኔ ምን አውቄ! ያለኝ ሰው ነው፤ ሰው ውሰድ።»

ከቁስለኞቹ አንዱ ማርቆስ ነው፤ የላንቴ ልጅ፣ አብረን የተመለመልን። የተመታው ሆዱን ነበር። እኔ ቡሎን ስፈታ እሱ ከጥላው ሥር «ተነሣች ወይ?» ይለኛል። «ገና ነው፣ ዝም በል!» እለዋለሁ። ውሃ ይለምነኛል። ሆዱን የተመታ ሰው ውሃ አይሰጠውም፤ እሱ ግን ይህን አይሰማም። እስኪመሽ ካልተነሣች ትተነው እንደምንሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የደህናውን ሞተር ውሃና ዘይት ጄሪካን ውስጥ አፈሰስኩ። የሁለቱንም መኪና ኮፈን ፈታሁ፣ ራዲያተሩን አወጣሁ፣ ሽቦና ቱቦውን ለየሁ። የነበሩኝ ቁልፎች ሦስት ናቸው፤ ለማይገጥመው ቡሎን የቆርቆሮ ስንጣሪ እየሸጎጥኩ እፈታለሁ። አንዱ አልላቀቅ ብሎ የጣቴን ቆዳ ላጠው። የተሳደብኩትን ለእናንተ ለልጆች አልደግመውም።

ያን ጊዜ ነው ጴጥሮስ የመጣው። አሥር አለቃ ነው፣ የዶርዜ ደጋ ሰው። እነሱ ዘንድ የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው አያፈርሱትም። ሥሩን ይቆርጡና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ፣ እንዳለ ተሸክመው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። ውስጥ ያሉት የሚረግጡትን አያዩም፤ ደጅ የቆመ አንድ ሰው ይጠራል፣ በእሱ ድምፅ ይሄዳሉ። የጴጥሮስ እናት ቤት እንዲህ መነሣት ነበረበት። አባቱ ሞቷል፣ እሱ አንድ ልጅ ነው፤ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። «በሩን ቁልቁል ወደሚታየው ሐይቅ አዞርላታለሁ፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጓሮ ስታይ ኖራለች» እያለ ያደነቁረን ነበር።

ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ። «በዚህ ነው የተጨነቅከው? ቤት ያነሣ ሰው ይህን ያቅተዋል?»

ከምሽጉ ጣሪያ ሁለት ግንድ አወጣን። ሞተሩን በሰንሰለት ከግንዶቹ ጋር አሰርኩት። ስምንት ሰው የጥይት ሳጥን ላይ ቆሞ ግንዶቹን ትከሻው ላይ አደረገ። ጴጥሮስ ፊት ለፊት ቆሞ በጋሞኛ ይጠራል፤ ጋሞኛ የማያውቁትም በድምፁ ገባቸው። ሞተሩ ተነሣ፤ ሌሎቻችን መኪናዋን ከሥሩ ገፍተን አወጣናት። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን፣ ቀጥሎ ደህናውን። ወይ ጉድ! ፓራንኮም እንዲህ አያነሣም።

ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተ። ስምንቱ ደህናውን ሞተር ተሸክመዋል፣ እኛ የቁስለኞቹን መኪና ወደ ሥሩ እየገፋን ነው። የጴጥሮስ ድምፅ በተኩሱ ተዋጠ። የኋላዎቹ ጥሪውን ሳይሰሙ ቀድመው ዝቅ አሉ፤ ሞተሩ ተወዛወዘ። ከወደቀ ይሰበራል፣ እግርም ይሰብራል። ጴጥሮስ ከጎናችን ያለው ቋጥኝ ላይ ወጣ። እዚያ ላይ ከማዶ ይታያል።

«ውረድ አንተ!» አልኩት።

«አትቆጣኝ፣ ሥራህን ሥራ!» አለኝና ጥሪውን ቀጠለ። «ቀስ! ቀስ!»

ተመታ። በጉልበቱ ተንበረከከ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም፤ ሞተሩ ቦታው ላይ እስኪቀመጥ፣ እኔም የመጀመሪያውን ቡሎን እስካስገባ ድረስ «ቀስ» እያለ ነበር። ከዚያ ዝም አለ።

ሊመሻሽ ሲል መኪናዋ ተነሣች። ጴጥሮስን ከአራቱ ጋር ጫንነው። መንገድ ላይ ማርቆስ እጁን ይዞት ነበር፤ መቼ እንዳረፈ እሱም አላወቀም። ያን ቀን ከሻምበላችን አምስት ሰው ሞተ፣ ጴጥሮስ አምስተኛው ነው። ሞተሩን ከተሸከሙት ከስምንቱ ደግሞ ዓመት እስኪሞላ በሕይወት የቆዩት ሦስት ናቸው። ማርቆስ ተረፈ።

ቆስዬ ከተሰናበትኩ በኋላ ከማርቆስ ጋር ወደ ደጋው ወጣን። መርዶው ቀድሞን ደርሷል። ቤቱ ግን አልተነሣም፤ ሥሩ በምስጥ ተበልቶ በሩ ዝቅ ብሏል፣ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። እናቱ የሆነውን ሁሉ አስነገሩኝ። ስጨርስ ቤቱን የሚያነሣ ጎረቤት አስጠሩ።

«ልጄ ሲጠራ የሰማኸው አንተ ነህ። አንተ ጥራ» አሉኝ።

የከተማ ልጅ ጋሞኛ ምን ይሆናል? ሰዎቹ በአነጋገሬ እየሳቁ ትከሻቸውን ሰጡ። የመጀመሪያውን ጥሪ አበላሸሁት። ቀጥሎ ግን የወጣው የእሱ አጠራር ነበር። ቤቱ ተነሣ፣ ሄደ፣ ተቀመጠ። ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ያን ጊዜ በሩን አየሁት፤ አሁንም ወደ ሰው ጓሮ ነው።

«አልተጨረሰም! እንደገና አንሡት!» አልኩ።

«ሰውዬው ምን ነካው?» አሉ።

«በሩ ወደ ሐይቁ ነው የሚዞረው።»

እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይህን ምኞታቸውን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር፤ ለልጃቸው ብቻ። ሰዎቹም ተመልሰው ገቡ፣ እኔም ጠራሁ።