በቀይ የተጻፈው ስም

እማማ ሱዩን ስማቸውን ድንጋይ ላይ ሲያዩት መጀመሪያ ደነገጡ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸው መጣ። የሟቹ ባለቤታቸው የሊን ኪንሆ ስም በወርቃማ ቀለም ያበራል፤ የእሳቸው ከጎኑ ቀይ ሆኖ ተቀምጧል። በእነሱ ወግ የባልና የሚስት ስም አንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ አብሮ ይቀረጻል፤ በሕይወት ያለው ሰው ስም ግን ቀይ ይቀባል። ቀይ ማለት ገና ነው ማለት ነው።

“ቀለሙ ጥሩ ይዟል” አሉ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ድንጋዩን በጣታቸው ዳበስ አድርገው።

ድንጋይ ቀራጩ ይርጉ መቅረጫ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ራሱን አከከ። ከአዲስ አበባ ሲያትል ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። የቻይንኛ ጽሕፈት አያነብም፤ ወረቀት ላይ የሰጡትን ግን አንዲት ሰረዝ ሳያዛንፍ ይቀርጻል። አሁን ያስቸገረው የወረቀቱ ብዛት ነበር።

“እማማ” አላቸው። በእንግሊዝኛው መሐል ይህችን ቃል ከራሱ ቋንቋ ጣል ያደርጋታል፤ እሳቸውም ይወዷታል። “ለአናቱ የሚሆነውን ጽሑፍ ሁለቱም ልጆችዎ አምጥተውልኛል። ግን አይመሳሰልም። ሶ፣ ባዶውን ተውኩት። ኮል ያደረግኩልዎት ለዚህ ነው።”

ከስሞቹ በላይ፣ ለሁለት ፊደል ብቻ የሚበቃ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። እዚያ የሚጻፈው የቤተሰቡ መነሻ ነው። ኤቨረት ከተማ፣ አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራው ታላቅየው ዌንሺን፣ ቅድመ አያቶቹ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በመርከብ የተነሱበትን የቻይና አውራጃ ስም ጽፏል። ታናሽየው ቺሚንግ የጻፈው “ታይዋን” ብሎ ነው። እሱ እዚሁ ሲያትል ይህንኑ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሰልፍ በመውጣቱ፣ ራሱን ቻይና ብሎ የሚጠራው የታይዋን መንግሥት አሥር ዓመት ሙሉ አገሩ እንዳይገባ ከልክሎት ኖሯል። የአገራቸው የጦር ሕግ ገና ባለፈው ሐምሌ መነሳቱ ነው።

እማማ ሱዩን ሁለቱን ወረቀቶች አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤተሰብ ሁሉ መቃብር የሚጠርግበት ቀን ነው። “የቻይና ስም ካለበት አልመጣም” ብሏል አንዱ፤ “ታይዋን የሚል ካለበት አልመጣም” ብሏል ሌላው። አባታቸው ከተቀበረ ጀምሮ አንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም። እማማ ሱዩንን እንቅልፍ የነሳቸው የቦታ ስም አልነበረም፤ መጥረጊያ ይዘው ብቻቸውን መቆማቸው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ይርጉ መቅረጫ ቤት ጠሯቸው፤ አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ። ዌንሺን መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ ወንድሙን አየና በሩን ሳይዘጋ ቆመ።

“ዝጋው፣ ዝናብ ይገባል” አሉት እናቱ።

ከቦርሳቸው አንድ ጃኬት አወጡ። አሥራ አራት ዓመት የሠሩት ይህንን ነው፤ ከከተማው በስተ ደቡብ ባለ ፋብሪካ፣ በቀን ሦስት መቶ ጃኬት አንገት ላይ የአገር ስም ያለባትን ትንሽ ጨርቅ መስፋት።

“አንብብልኝ” አሉት ታላቅየውን።

“አሜሪካ ተሠራ ይላል።”

“ጥጡ የበቀለው የት ነው?”

“እኔ በምን አውቃለሁ፣ እማዬ?”

“እኔም አላውቅም። እዚህ የሚጻፈው የተሰፋበት ነው። አባትህ የት ተሰፋ?”

ዌንሺን ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ። “ታይናን” አለ፣ ታይዋን ውስጥ ያለችውን የአባቱን ከተማ ስም ጠርቶ።

“ታይናን ተወለደ፤ ታይናን ብስክሌት ሲጠግን ኖረ፤ እኔንም እዚያ አገባኝ። ሁለት ፊደል ነው፤ ቦታው ይበቃዋል።”

“አያቶቻችንስ? የቻይናው ስም ከሌለ ነፍሱን በምን ያገኙታል?”

“ሰባት ትውልድ ሙሉ አጥተውን ያውቃሉ? የቻይናው ስም የዘር መጽሐፋችን ላይ አለ፤ ማን ነካብህ? ለልጆችህ አንብብላቸው።”

ቺሚንግ ጣልቃ ገባ። “ታዲያ ታይናን ከተባለ ታይዋን ቢባል ምናለበት?”

“አንተ ደግሞ አባትህ መቃብር ላይ ሰልፍ አትውጣብኝ!”

ዌንሺን ከት ብሎ ሳቀ። የቺሚንግ ፊት ቀላ። “ወንድም ጋሼ፣ አንተማ ሳቅ። አሥር ዓመት አገሬን ያሳጣኝ ስም ነው።”

ሳቁ ቆመ። ዌንሺን ጫማውን እያየ፣ “አባባ በየበዓሉ ‘ቺሚንግ ዘንድሮ አገሩ እንዲገባ ይፈቅዱለት ይሆን?’ እያለ ይጠይቀኝ ነበር” አለ። “ታይናን የት እንዳለች ደግሞ የማያውቅ የለም። እኔ እስማማለሁ።”

ቺሚንግ ጃኬቱን ከእናቱ እጅ ወስዶ አጠፈው። “እኔም።”

እማማ ሱዩን ባዶ ወረቀት ይርጉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። “የመጀመሪያውን ፊደል አንተ ጻፍ፤ ሁለተኛውን አንተ።”

የታላቅየው ፊደል እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ነው፤ የታናሽየው ነፋስ የገፋው ይመስል ዘመም ብሏል። ይርጉ ወረቀቱን አየና፣ “ይህንን ላስተካክለው?” አለ።

“እንዳትነካው!” አሉት እናትየዋ።

በጠረጋው ቀን ከሩቁ ተራራ ላይ ደመናው ተገልጦ፣ በረዶው ከከተማው በላይ ተንሳፍፎ ይታይ ነበር። ወንድማማቾቹ ሳይነጋገሩ ሁለቱም መጥረጊያ፣ ሁለቱም ለአባታቸው የሚቀርብ ሙሉ የተቀቀለ ዶሮ ይዘው መጡ። ማን ማምጣት እንደነበረበት ሲጨቃጨቁ እማማ ሱዩን ቀዩን ስማቸውን በመሐረብ ወልወል አደረጉና ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

“ሁለቱንም አምጡት” አሉ። “እርቦኛል።”