በአልበሙ ጫፍ ላይ ያለች ትንፋሽ

አልበሙ የሚያልቀው በእናቴ ትንፋሽ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ካበቃ በኋላ የጊታሩ ድምፅ እየሳሳ ይሄድና ሊጠፋ ሲል አንድ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። አጭር ናት። በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ ልታመልጥ ትችላለች።

የቀዳነው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናቴና እኔ በተከራየነው ቤት ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ዘፋኙ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከቀልድ የማያልፍ። ጊታሩንና ድራሙን የሚጫወቱት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነበሩ። እኔ አልጫወትም። ድምፅ መቅዳት የተማርኩት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጽሐፎችና በማበላሸት ነው። ግድግዳውን በጥቁር ስፖንጅ ለብጬው ነበር። ማስቲሹ ስላልበቃኝ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ያለው ግድግዳ ሳይለበጥ ቀረ፤ በዚያ በኩል ድምፁ ትንሽ ይጮሃል። ዛሬም አልበሙን ስሰማ የትኛው ድምፅ ከዚያ ግድግዳ ተመልሶ እንደመጣ ለይቼ አውቃለሁ።

የመጨረሻውን ዘፈን የቀዳነው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የሚታጠብ ልብስ በዘንቢል ይዛ ወረደች። የመቅጃው ቀይ መብራት ሲበራ መናገር እንደማይቻል ታውቃለች፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመች። ጊታሩ ገና አላበቃም። መዳፌን አንስቼ «ትንሽ ትጠብቂኛለሽ?» አልኳት፣ በእጄ ብቻ። እሷም እንደኛ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ መለሰችልኝ። አዎ ማለቷ ነው። አንዱ ማይክሮፎን ከደረጃው አጠገብ ነበር።

ልቆርጣት ነበር። የአክስቴ ልጅ ከለከለኝ።

«በናትህ ተዋት» አለኝ። «አክስቴ እኮ ዘፈኔ ላይ ፊቸር አደረገች።»

ለእናቴም ሄዶ ነገራት። «እኔ ልብስ ላጥብ ነው የወረድኩት» አለችው። «አንተው ዝፈን፤ እኔን የንስሐ አባቴ እንዳይሰሙኝ።»

አልበሙን አርሊንግተን ያለ ትንሽ አሳታሚ አወጣው። መጀመሪያ የያዙት ኮሌጅ ፓርክ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ በሬዲዮናቸው ደጋግመው አጫወቱት። ከዚያ ዝም አለ። ባንዱ ከተበተነ በኋላ ነው ሰዉ የፈለገው። የአማራጭ ሮክን መልክ ከለወጡት አልበሞች አንዱ ነው ብለው ይጽፉ ጀመር። ስለ ትንፋሿም ጻፉ። አንዱ ፍርሃት ናት አለ። ሌላው ሊያለቅስ ያለ ሰው ነው አለ። ውኃ ውስጥ ከመጥለቅ በፊት የሚሳብ አየር ነው ያለም ነበር። ወጣት ባንዶች ዘፈናቸውን በትንፋሽ መጨረስ ጀመሩ። አንድ ክለብ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ የራሱን ትንፋሽ ለመቅዳት ሲል ውድ ማይክሮፎን እንደገዛ ነገረኝ። ጥሩ ማይክሮፎን ነው አልኩት።

እናቴን ስትሮክ የመታት አልበሙ እንዲህ መወራት በጀመረበት ሰሞን ነው። ቀኝ ጎኗና ንግግሯ ሄዱ። ከሆስፒታል ስትወጣ አክስቴ በቅርብ እንድትጠይቃት ብለን አሌክሳንድሪያ የሚገኝ ማገገሚያ አስገባናት። እኔ አርሊንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ለስብሰባ ማይክሮፎን እዘረጋለሁ። ከሥራ ስወጣ በባቡር እሷ ጋ እሄድና ከአልጋዋ ጎን እቀመጣለሁ። «እማዬ፣ በላሽ?» እላታለሁ። ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። «በረደሽ?» ዝም ትላለች። ወሬያችን ይኸው ነበር፤ በቂ መስሎኝ ነበር። አልጋዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሞተር ሲሠራ የሚያወጣውን ድምፅ ከጊታር ክሮች ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም አስብ ነበር። ሌላ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ አልቅስ እንጂ» አለችኝ አክስቴ አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ። «ድንጋይ ዋጥክ እንዴ?»

«ኧረ ምሳም አልበላሁ።»

«አፍህስ አለ» አለችና ሳንድዊች ልትገዛልኝ ሄደች።

ማገገሚያው እናቴ ወዴት እንደምትሄድ እንድንወስን ጠየቀን። ወይ ወደ ቤት፣ ወይ እዚያው ፎቅ ላይ ለዘለቄታው። ጥያቄ ስለማትመልስ ውሳኔው የልጇ ነው አሉኝ። እኔ ቤት ብያለሁ። ቤዝመንቱ በጓሮ በኩል ደረጃ የሌለው በር ስላለው ለዊልቸር ይመቻል። ስፖንጁን ከግድግዳው ነቀልኩ። ማስቲሹ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ፤ በስፓቱላ ፋቅሁት፣ አለቅም አለ። አልጋ ገዝቼ በመስኮቱ በኩል ገጠምኩ። በማግስቱ ማገገሚያው ውሳኔያችንን ለመስማት ወደጠራን ስብሰባ ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ አክስቴና የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ነበሩ፤ ባለሙያዋ ወጣት አሜሪካዊት ናት። እናቴን ትራሱ ተመችቷት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ወዲያው አንዲት ረዳት ገብታ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰካችባት።

«ለምንድነው?» አልኳት።

«ትንፋሽ ያጥራታል። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋታል» አለችኝ።

ባለሙያዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆማለች። «ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ» አለች። የአልበሙን ስም ጠራች። «መጨረሻው ላይ ያለችውን ትመስላለች። ይቅርታ፣ አሁን የሚወራ ነገር አይደለም።»

«እሷው ናት» አልኳት።

«ማን?»

«እናቴ። አልበሙም ላይ እሷ ናት። አዎ እያለች ነው።»

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከንም?»

«የምታውቁ መስሎኝ።»

እውነቴን ነው። እኛ ዘንድ ይህን ለማንም አስረድቶ የሚያውቅ የለም። ልጅ ሆነን ማንም ሳያስተምረን የያዝነው ነው። ሌላው የታፈነ ሰው ድምፅ አድርጎ እንደሚሰማው አስቤው አላውቅም። አክስቴ ራሷ ነገሩ ሲገባት «እኔም እኮ ፈረንጆቹን በስልክ እንዲህ ስላቸው እየጮሁ የሚደነግጡት ለካ ለዚህ ነው» አለች፣ ትንፋሿን እየሳበች።

ባለሙያዋ መጠየቅ ጀመረች፤ እኔ አስተረጎምኩ። «ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው?» ዝም። «አሌክሳንድሪያ?» ትንፋሽ። «ይህ ወንድምሽ ነው?» ዝም፤ የግራ ከንፈሯ ጫፍ ከፍ አለ። «ልጅሽ?» ትንፋሽ። ባለሙያዋ ቀና ብላ አየችን። እንግዲያው ውሳኔው የራሷ ነው አለች፤ ጠይቃት አለችኝ።

«እማዬ፣ ቤት ልውሰድሽ?»

ዝም አለች።

«አልሰማችህም፤ ጮክ በል» አለች አክስቴ።

ሰምታለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ቤዝመንቱን እንዳዘጋጀሁላት፣ ስፖንጁን እንደነቀልኩ፣ አልጋዋ በመስኮቱ በኩል እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለች። ባለሙያዋ ገልብጠህ ጠይቃት አለችኝ።

«እዚህ ትቆያለሽ?»

አየሩን ሳብ አደረገች። አጭርና ጥርት ያለች ነበረች፤ ያኔ ደረጃው ላይ ቆማ የመለሰችልኝን ትመስላለች።

«አንተን ላለማስቸገር ነው፤ እኔ አውቃታለሁ» አለች አክስቴ፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አልኳት እናቴን። አየችኝና ዓይኗን ጨፈነች። አይደለም ማለቷ ይሁን ደክሟት ይሁን አላወቅሁም። ደግሜ አልጠየቅኳትም።

በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። አልበሙ እንደገና ሊታተም ነው። አዲሱ የድምፅ ባለሙያ ሲያጸዳው ትንፋሿን ከነጫጫታው ጋር አውጥቷታል።

«ማገገሚያው ውስጥ የሆነውን እናቴ ነግራኛለች» አለኝ። «ትውጣ ካልክ ትውጣ። ባንተ ነው።»

«ትመለስ።»

«ምን ብለን እንጻፍ እያሉ ነው። እስካሁን የተጻፈውን ታውቀዋለህ።»

«አዎ ነው በላቸው።»

«ለምኑ አዎ?»

«ጥያቄው አልተቀዳም» አልኩት።

አልጋውን አላፈረስኩትም። ልብሷን ለማጠብ ያንን ማሽን ነው የምጠቀመው፤ ባጠገቡ ሳልፍ አንሶላውን አያለሁ። ቅዳሜ የታጠበውን አጣጥፌ ይዤላት ሄድኩ። ተኝታ አልነበረችም።

«እማዬ፣ ነገም ልምጣ?»

ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ረዳቷ በበሩ በኩል እያለፈች ነበር፤ መለኪያውን አላመጣችም። ልብሱን መሳቢያው ውስጥ አስገባሁት።