የካውያ ክፍሉ ድሮውባክ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እንግሊዝኛ ግን በጆሮዬ ገብቷል። የልብስ ስፌት ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ስኖር ያልሰማሁት ቃል የለም። ፈረንጅ ከመኪና ሲወርድ ጫማውን አይቼ ሊቆጣ ይምጣ ሊስቅ እለያለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅ። ዛሬ ግን የማወራላችሁ ስለ ራሴ አይደለም። ስለ እህቴ ልጅ ነው፣ ስለ አስተርጓሚዋ።

በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች። ይሄ በዘር ያለ ነገር ነው፤ እኔም ብማር ኖሮ ማን ይችለኝ ነበር! ፋብሪካው ቀጠራትና ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጣት። እህቴ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ከልጇ ጋር ገባች። አልጋና ጠረጴዛ ሲገባባት ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው፤ ቢሆንም ቤት ነው። ሥራው ከቀረ ግን ቤቱም ይቀራል።

ሥራ አስኪያጁ የባሕር ማዶ ሰው ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን አስቀምጦ ደንቡን ነገራት። እሱ ቢሮ ውስጥ «ችግር» እና «አደጋ» የሚባል ቃል አይነሳም። ሠራተኛ ያማረረውን ስታስተረጉም መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ትናገራለች፣ መጨረሻ ላይ «ብቸኛው ድሮውባክ» ብላ ጉድለቱን ጣል ታደርጋለች።

ድሮውባክ ማለት፣ ለማታውቁት ላስረዳ፣ ነገሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ትንሽ የሚያጎድለው ማለት ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው «ድሮውባክ አለው» አይልም። ዳውንሳይድ ደግሞ አንድ ነገር ስትመርጥ ከጥቅሙ ጋር ተጎትቶ የሚመጣው ጉዳት ነው። ስናግ የምትባለው ሥራው መሀል ድንገት ብቅ የምትል ሳንካ ናት። ካች ሻጩ የደበቀብህ ነው፤ ነገሩ ከልክ በላይ ሲያምርልህ «ካቹ ምንድነው?» ብለህ ትጠይቃለህ። ሾርትካሚንግ ደግሞ ለሰው ይሆናል፤ የጠባይ ጉድለት እንደማለት። ይሄንኑ ለባለቤቴ ሳስረዳት «እንግዲያ ያንተ ሾርትካሚንግ ወሬህ ነው» አለችኝ። እሷም ቶሎ ነው የሚገባት፤ ከእኔ ጋር ኖራ። ልጅቷ ይሄን ሁሉ የነገረችኝ አንዴ ነው፣ አላስደገምኳትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልብስ ተኳሾቹ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ነጩን ሸሚዝ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ የካውያ ክፍሉ መስኮት በሚስማር ተመትቷል፤ ሥራ ላይ በሩም ይዘጋል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ጣሪያ ነክቶ ተመልሶ አናታቸው ላይ ይንጠባጠባል። አንዷ ራሷን ስታ ስትወድቅ ሌላዋ ጎትታ ታስወጣታለች፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች።

«በቁማችን ተቀቀልን በይው እንጂ!» ትላታለች እትዬ ረጅሟ፣ የተኳሾቹ አፍ።

ልጅቷ ትገባለች። «ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሸሚዞቹ ያምራሉ፣ ብቸኛው ድሮውባክ ትንሽ ይሞቃል» ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ያመሰግናታል። መስኮቱ እዚያው እንደተመታ ነው።

አንድ ጊዜ ደፍራ «አደገኛ ነው» አለችው። አልጮኸባትም። ቀስ ብሎ፣ «እናትሽ ክፍሉ ተስማማቸው?» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ተኳሾቹ ሆዬ፣ እሷ ስታስተረጉም እሱ ፈገግ ሲል ያያሉ። «ይቺ በሁለት ቢላዋ ነው የምትበላው» አሉ። ሰላምታ ነሷት። ቧንቧው ጋ ስትመጣ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ «አደራሽን ልጄ፣ አፍሽን ያዢ። ከዚህ ካስወጡን የት እንገባለን?» ትላለች። መላወሻ አጣች። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ምነው ቆምሽ? እለፊ እንጂ» አልኳት።

«የት ልሂድ ጋሼ?» አለችኝ።

እኔም ቁልፌን ማገላበጥ ያዝኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሸሚዙን በጅምላ የምትገዛዋ ፈረንጅ ልትጎበኝ መጣች። ወፍራም ካፖርት ለብሳለች። ጫማዋን አየሁት፤ ለመቆጣት አልመጣችም። «ተኳሾቹን ማነጋገር እፈልጋለሁ» አለች። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይምጡ ሲል፣ ልጅቷ «ሥራው እንዳይቆም እዚያው ብንሄድ ይሻላል» አለችው። ሥራ እንዳይቆም ላለች ሰው ምን ይመልሳል? እሺ አለ። ወንበር ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ በሩን ዝጋው። ደንቡ ነው» አለችኝ። ዘጋሁት።

እትዬ ረጅሟ ካውያዋን ሳታስቀምጥ፣ «በይ እንደለመድሽው ማር ቀብተሽ አቅርቢልን!» አለቻት።

«ዛሬ ብዙ ነው የምቀባው። እናንተ ብቻ ካውያውን እንዳታቆሙ።»

ጀመረች። ጥሩ ጥሩውን። ስለ ወለሉ ንጽሕና ተናገረች፣ ስለ ኮሌታው አተኳኮስ፣ ስለ አዝራሩ አሰፋፍ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ ክራቫቱን ላላ አደረገ። እሷ ወደ ኮሌታው ተመለሰች። ፈረንጇ ካፖርቷን አወለቀች። እሷ እጅጌውን ጀመረች።

«ይበቃል፣ ወደ ድሮውባኩ ግቢ» አላት።

«ጥሩውን ሳልጨርስ? ደንቡ እንደዚያ አይደለም እኮ» አለችና ወደ ኪሱ አለፈች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ጣቶቿን ግን ከኋላዋ አጥብቃ ቆላልፋ መያዟን እኔ ከበሩ ሆኜ አያለሁ። ያቺ ክፍል፣ የእናቷ አልጋ፣ ሁሉም እዚያ ንግግር ላይ ተንጠልጥሏል።

ነገሩ ለእትዬ ረጅሟ ቀድሞ ገባት። ሸሚዙ ላይ ውሃ እያርከፈከፈች ካውያውን ስታሳርፍበት እንፋሎቱ ተትጎለጎለ። ሌሎቹም ተከተሏት።

«ኧረ ቀስ እትዬ፣ እኔም አለሁበት!» ብላት፣

«አንተ በርህን ጠብቅ፤ ዛሬ ገና ሥራ አገኘህ» አለችኝ። ውይ፣ ምላሷ!

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀልቶ ላቡ ከአገጩ ይወርዳል። «በሩን ክፈቱ» እንዳይል የራሱ ደንብ ነው፤ ገዢዋ ፊት ማፍረስ አልቻለም። በመጨረሻ ፈረንጇ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥ አድርጋ ተነሳች።

«መስኮቱ ለምንድነው የማይከፈተው?» አለች።

«ብቸኛው ድሮውባክ እሱ ነው» አለቻት ልጅቷ።

ፈረንጇ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ይሄ ድሮውባክ አይደለም፣ አደጋ ነው» አለችው። ያን የተከለከለ ቃል! ሚስማሩን የነቀልኩት በዚህ እጄ ነው፤ ጉጠትም አላስፈለገኝ። እሺ፣ ትንሽ አስፈልጎኛል።

አላባረራት። ፈረንጇ «ተመልሼ ስመጣ በዚችው ልጅ ነው የማነጋግራቸው» ብላ ስለሄደች አልቻለም። በማግስቱ ግን ጠረጴዛዋ ከቢሮ ወጥቶ ካውያ ክፍሉ ጥግ ቆመ፤ ሲፈልጋት በደወል ይጠራታል። በኋላ ሌላ ፋብሪካ ፈልጓት ነበር፣ ቤት የሌለው ሥራ። ለእናቷ ነገረቻት። እህቴም ዕቃዋን በዳበሳ መሰብሰብ ጀመረች፤ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ ድስቱን ጠቀለለች። ልጅቷ ጥቂት አየቻትና እጇን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ድስቱንም ፈትታ ወደ ቦታው መለሰችው።

አሁን ተኳሾቹ ወሬ አያቋርጡባትም። እትዬ ረጅሟ ካውያዋን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠግታ ስታስቃት ትውላለች። ልጅቷም ክንዷን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፋ፣ ነፋስ እየነካት፣ የግቢውን አጥር እያየች ትቀመጣለች። ደወሉ ሲጮህ ፀጉሯን አስተካክላ ትነሳለች።