ውጅግራና ምንሽር ማዶ ለማዶ

እንደ መስቃኑ ሙሀመድሰይድ ጥይት የሚወድ ሰው አላየሁም። ወሬው ከተነሳ እርሻውን ይረሳል፣ ራቱን ይረሳል፣ ጣሊያን ቡታጅራ መግባቱንም ይረሳል። ጠመንጃ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል ተብሎ በገበያ ሲለፈፍ፣ እሱ የአባቱን ውጅግራ ጣሪያ ውስጥ ሸጉጦ ጥይቷን ቅቤ ይቀባ ነበር። ምን ገዶት!

ጎረቤቱ ሽባባው ደግሞ አለላችሁ፤ በንጉሡ ጊዜ ቡታጅራ ዘበኛ የነበረ የጎጃም ሰው። እሱም ምንሽሩን ቀብሯል። ሁለቱ ከተገናኙ አለቀ።

«የኔዋ ጥይት ቀጭን ብትሆንም ፈጣን ናት፤ ቀጥ ብላ ማዶ ትደርሳለች» ይላል ሽባባው።

«ነፋስ ይወስዳታላ! የኔዋ አውራ ጣት ታክላለች። ያገኘችውን ትዘርራለች።»

«ካገኘችው አይደል? መንገድ ላይ ደክሟት ትወርዳለች እኮ!»

«ከፍ አድርገህ አልማ! ማን ከለከለህ?»

እነሱ ሲከራከሩ አንድ ከርከሮ የሙሀመድሰይድ ሚስት ሰፍያ ለልጇ ሠርግ ያሳደገችውን እንሰት ከሥሩ እየማሰ ይጨርስ ጀመር። ሰው ሲጠጋው ይሮጥና ከጓሮው በታች ያለውን ገደል ተሻግሮ ማዶ ይቆማል።

«ለሠርገኛው ጥይት ነው የማቀርበው?» ብላ ጮኸች ሰፍያ።

የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ከከተማው ዳር ኢላማ የሚለማመዱበት ቀን ተጠበቀ። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል የነሱን ማን ይለየዋል? ከርከሮው ማዶ ቆሟል። እነሱ ግን ማን ይተኩስ በሚለው ተጣሉ።

«ሁለታችሁም ተኩሱ! ዝም በሉና ተኩሱ!» አለች ሰፍያ።

አንዱ «ቢስሚላህ»፣ ሌላው «በስመ አብ» ብለው እኩል ለቀቁት። ከርከሮው ተዘረረ። «የኔ ናት! የኔ ናት!» እየተባባሉ ገደሉን ተሻገሩ። ቁስሉ ግን በተኛበት ጎን ነው፤ ሳይገለበጥ አይታይም።

«ግልብጠው» አለ ሽባባው።

«እኔ? ከርከሮ? አስታግፊሩላህ! አንተ ገልብጠው።»

«እኔስ ብሆን? ቄሱ ምን ይሉኛል!»

በእንጨት እንግፋው ተባለ፤ እንጨቱን ማን ይያዝ በሚለው መሸ። ሲነጋ ቢመጡ ጅብ ጥርሱን ብቻ አስቀርቶላቸዋል። ሙሀመድሰይድ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ምን አነጫነጫችሁ?» አለች ሰፍያ ከኋላቸው። «ማታ እናንተ ስትሄዱ በአጣና ገልብጬ አይቼዋለሁ። ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው።»

«የማን?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። ያኔ ሙሀመድሰይድ አሰበው። የቀጭኗ ቢሆንስ? ዕድሜ ልኩን የማለባት የአባቱ ውጅግራ ስታ ቢሆንስ?

«ተይው!» አለ። ሽባባውም በዚያው አፍታ «ተይው!» ብሎ ኖሯል።

ልጅቱ በወጉ ተዳረች፣ ጣሊያንም ወጣ። ክርክሩ ግን ሊቀር ነው? ሁለቱ ሲጀምሩ ሰፍያ ከጓዳ «ልናገር እንዴ?» ትላለች፤ ሁለቱም ወሬውን ወደ እርሻ ያዞራሉ። ሙሀመድሰይድ አንዳንዴ ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ይደርስና ይፈራል። እስኪሞት ድረስ አልጠየቃትም።