በረዶውን የበላሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለእህቴ ለዘሃራ አልነገርኩም፤ አሁን ደግሞ ዘሃራ የለችም። የምጽፈው ስለ ዶሮ ነው። ስለ ዶሮ መሆኑን ስታዩ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። እኔም ስቄ ነበር፤ ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል። የሰውን ሐቅ ግን የተበደለው ሰው ራሱ አውፍ ብሎ ይቅር ማለት አለበት፤ ከልጅነታችን የተማርነው ይህን ነው። እኔ የበደልኳት ከአፈር በታች ናት። ማንን ልጠይቅ? ስለዚህ እናንተን ይዤ ቀረሁ። አላውቃችሁም። እንድታጽናኑኝም አልፈልግም። «ልጅ ነበርክ» የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም፤ ማንበቡን ይተወው።

ቤታችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ዘሃራ ታላቄ ናት። ባሏ ፈትቷት ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንዲት ገብስማ ዶሮ ብቻ ነበር። ከዚያች ዶሮ ግቢ ሙሉ ዶሮ አወጣች። ኩሱን ከአመድ ጋር ቀላቅላ ጓሮ ትበትናለች፤ ጎመኑና ቆስጣው ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ዶሮዎቹ ችግኙን እንዳይጭሩ ዙሪያውን በእሾህ አጠረችው። እሾሁን አልፎ የገባውን ማባረር የኔ ሥራ ነበር። ውሃ መቅዳትም የኔ ሥራ ነበር።

ጠላሁት። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ዶሮ አባርራለሁ? ደብተሬም ዩኒፎርሜም ከእነዚያ ዶሮዎች እንቁላል እንደሚወጣ አውቃለሁ። እያወቅሁ ጠላሁት።

ዘሃራ የፈንግል ክትባት መስጠት ተምራ ነበር። ፈንግል የዶሮ በሽታ ነው፤ አንድ ቤት ከገባ ሰፈር ይጠርጋል። መድኃኒቱን በዶሮዋ ዓይን ጠብ ታደርጋለች፣ በቃ። የሰፈሩ ሴቶች ዶሯቸውን ታቅፈው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። ሁሉንም ጎትጉታ ያመጣችው የቅርብ ጎረቤታችን እትዬ ሉባባ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በእንቁላል የምታሳድግ ሴት ናት። ከዘሃራ ጋር ፍም ይዋዋሳሉ፣ የቃሪያ ዘር ይካፈላሉ።

አንድ ቅዳሜ ዘሃራ ፔርሙዝ ይዛ ወጣች።

«ሰይዶ፣ ኮቱ!» አለችኝ። ና ማለቷ ነው። «ከሚሴ ሂድና መድኃኒቱን አምጣልኝ። ሐኪሙ በረዶ ይሞላልሃል። የትም እንዳትቆም።»

«ዛሬ ኳስ አለ። ነገ ይደርሳል።»

«ነገ ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ይመጣሉ። በሽታው ሰንበቴ ገበያ ገብቷል አሉ። የኔ ጌታ፣ አታሳፍረኝ።»

አታሳፍረኝ አለች። ይህን ቃል ያዙልኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ የመድኃኒቷን ጠርሙስ በረዶው ውስጥ ቀበረልኝና ጣቱን ቀስሮ ነገረኝ። «በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውሃ ነው። ድፋውና ተመለስ። ሌላ እሰጥሃለሁ፣ አልቆጣህም።» በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ኳስ የሚታይበት ቤት ከእንስሳት ክሊኒኩ ብዙ አይርቅም። ጓደኞቼ በር ላይ ነበሩ።

«የዶሮ ሐኪም መጣ! መንገድ ልቀቁ!» አለ ጀማል።

«ፔርሙዙ ምንድን ነው? ለሕመምተኞቹ ሾርባ ነው?»

«ዶክተር፣ እኔንም እየው፤ ከትናንት ጀምሮ እንቁላል አልጣልኩም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ዶሮው የኔ እንዳልሆነ፣ እህቴም የኔ እንዳልሆነች አድርጌ። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ሥር ጭንቅላት ይበስላል። ጀማል ክዳኑን ከፍቶ «ወላሂ በረዶ ነው!» ብሎ ጮኸ። ግን ጀማል አልነካውም። እውነቱን ልናገር። ቀድሜ እጄን የከተትኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ የቆረጠምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አዞርኩላቸው፤ እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ አዞርኩላቸው። «በሉ፣ ብሉ፣ የዶሮ በረዶ ነው» አልኩ። ጠርሙሷን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ኳሱ እስኪያልቅ ደረቴ ላይ ሞቃ ነበር።

ለምን አልተመለስኩም? ክሊኒኩ ክፍት ነበር። ሐኪሙ አልቆጣህም ብሎኛል። ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሱ አጭር ነው። ጓደኞቼ ፔርሙዝ ይዤ በፊታቸው ሁለተኛ ሳልፍ እንዳይስቁብኝ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚህ የሚከፋውን ልጨምር። ባጃጅ አውርዶኝ ሰፈር ስደርስ ከቦኖው ቀዝቃዛ ውሃ ፔርሙዙ ውስጥ ሞላሁ። ጠርሙሷን አስገባኋት። ዘሃራ እጇን ስትከት ውሃው በረዳት።

«በረዶው አሁን ነው የቀለጠው?»

«አሁን፣ በር ላይ» አልኩ።

«አላህ ያሳድግህ» አለችኝ።

በማግስቱ ሴቶቹ መጡ። እኔ ዶሮዎቹን እየያዝኩ ዘሃራ ጠብ አደረገች። በእጄ ይዤላቸዋለሁ። የእትዬ ሉባባን ቀይ ቄብ ይዤ፣ ዓይኗን በጣቴ ከፍቼ፣ ውሃ ጠብ እንዲልባት አድርጌአለሁ።

ፈንግል መጣ። መጀመሪያ ክንፋቸውን ጣሉ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ አንገታቸው ዞረ። የኛም አለቁ፣ የሰፈሩም አለቁ። ገብስማዋ ከጎመኑ ሥር ገብታ ሞተች። ዘሃራ ጉድጓድ እየቆፈረች ቀና አለችና አየችኝ።

«ሰይዶ፣ እውነቱን ንገረኝ። በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ ነበር?»

ያኔ ብናገር ምን ይሆን ነበር? ትመታኝ ነበር። ታለቅስ ነበር። ከዚያ እትዬ ሉባባ ዘንድ ይዛኝ ትሄድ ነበር፣ ነገሩም ያልቅ ነበር።

«ወላሂ አልቀለጠም» አልኩ።

በአላህ ስም ማልኩ። እሷም መሐላዬን ይዛ ወጣች። ለተሰበሰቡት ሴቶች «መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ወንድሜ ወላሂ ብሎኛል» አለች። እትዬ ሉባባ የሞተች ቄቧን ይዛ ቆማ ነበር።

«መድኃኒቱ ደህና ከሆነማ የገደላቸው እጅሽ ነው» አለቻት። «ያ ረቢ! ዶሮዬን በእጄ ታቅፌ አምጥቼ ሰጠሁሽ!»

እኔ ከዘሃራ ጀርባ ነበርኩ። መሐላዬ በራሷ ላይ ሲዞር አየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ያውቃል። «ዘሃራ ፈንግል» አሏት። ስሟ ያ ሆኖ ቀረ። ሰላምታ ከለከሏት። እትዬ ሉባባ በአጥሩ ላይ «ሐኪሟ! ዛሬስ የማንን ዓይን ልታጠፊ ነው?» ትላት ነበር። ጎመኑን የሚገዛ ጠፋ፤ በበሽተኛ ዶሮ ኩስ የበቀለ ነው ተባለ። ጎመኑ አረጀ፣ ቢጫ አበባ አወጣ፣ ዘሩ እዚያው ረገፈ። ዘሃራ ዳግመኛ ዶሮ አላረባችም። ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች አስተማረችኝ። አንድ ቀን ጀማል በፊቴ «የፈንግል ወንድም» ብሎ ሲጠራኝ፣ እኔ፣ በረዶውን የበላሁት እኔ፣ ተቆጥቼ የገባሁት ወደ ቤት ነው፤ የጮህኩትም በእሷ ላይ ነው። «ስማችንን አጠፋሽው» አልኳት። ራቴን አቀረበችልኝ።

ዓመታት አለፉ፤ ባለፈው ክረምት ታመመች። አልጋዋ አጠገብ ብቻችንን ነበርን። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሳልነግራት ሞተች።

ጀናዛዋ ሲወጣ፣ እንደ ልማዳችን፣ የቅርብ ወንድ ዘመድ ቆሞ ስለ ሟች ይጠይቃል። የቆምኩት እኔ ነኝ። «እህቴ ዘሃራ የበደለቻችሁ ካላችሁ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሏት» አልኩ። ሰዉ «አውፍ ብለናል» አለ። ከሴቶቹ መካከል እትዬ ሉባባ ወጣች። አርጅታለች። እያለቀሰች ነበር።

«አውፍ ብያታለሁ» አለች። «ዶሮዎቼንም አውፍ ብያታለሁ። አላህ ይማራት።»

እኔም «ጀዛኪላህ» አልኩ። አመሰገንኳት።

ይህ ነው ኑዛዜዬ። በረዶው አይደለም፣ መሐላውም ብቻ አይደለም። የእህቴ አስከሬን ፊት ለፊቴ ተኝቶ፣ ለኔ ጥፋት ለእሷ ምሕረት ለመንኩ። ጥፋተኛ አድርጌ ቀበርኳት። አታሳፍረኝ ያለችኝን አሳፍሬ ቀበርኳት።

አሁን ይህን ወረቀት ይዤ እትዬ ሉባባ በር ላይ እሄዳለሁ። ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ልጆቿም ጎረቤቱም ይስማ። ትስደበኝ። በሯን ትዝጋብኝ። አውፍ ልትለኝ ከፈለገች ግን አልቀበልም። ለኔ ምንም አልጠይቅም።

ከሰፈሬ ሰዎች የምጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ግቢያችን ቆማችሁ ለዘሃራ አውፍ ያላችሁ ሁሉ፣ ያላችሁትን መልሳችሁ ውሰዱ። አውፍ የሚባል ነገር አልነበረባትም።