ትንፋሼን የተቃወመው ፈረንጅ

በፎገራ ሜዳ ከእኔ የሚበልጥ አራሽ አለ የሚል ካለ ይምጣ፤ በሬዎቼ ይፍረዱ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ ያቆምሁት ነው። ግን ትንፋሼ ባሕር ማዶ ተሻግሮ በፈረንጅ ተነቧል። ወረታ ገበያ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚምል ሌላ ሰው አታገኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ከጎንደር እየተመላለሰ እኛ ግቢ ያርፍ ነበር። ሥራው መድኃኒት መስጠት አይደለም፤ ሰውነት የበላውን እህል እንዴት አድርጎ ጉልበትና ሙቀት እንደሚያደርገው ያጠናል። ጠዋት ምንም ሳንቀምስ እኛን አራሾቹን ያስተኛንና አፍንጫችንን በመቆንጠጫ ይዞ፣ በቱቦ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ያስተነፍሰናል። ሰው ዝም ብሎ ተኝቶም ገላው ውስጥ እሳት አለ፤ ምን ያህል እንደሚነድ ከትንፋሹ ይታወቃል አለን።

እናቴ "የእኔን ልጅ እሳት ለማወቅ ምን አደከመህ? ሌማቱን ገልጠህ ብታይ ይበቃህ ነበር" አለችው።

በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። "አንተ በለኝ" ስላለኝ አንተ አልሁት። አንድ ቀን ከብት ላጠጣ ርብ ወንዝ ስወርድ አብሮኝ ወረደና "እስካሁን ያሳተምሁትን ጽሑፍ ማንም አላነሳውም" አለኝ።

"ማን ነበር የሚያነሳው?"

"ሌላ ተመራማሪ ነዋ። እሱ ሲጽፍ 'እገሌ እንዲህ ብሏል' ብሎ ካልጠራኝ፣ የእኔው ተጽፎም እንዳልተጻፈ ነው። አለቃዬ ይሄን ስለእናንተ የምጽፈውንም የሚያነሳው ካጣ ፎገራ መሄዱ ይቀርና ቁጭ ብለህ ክኒን ታድላለህ ብሎኛል።"

"እኔን ጽፈህ ማን ዝም ይላል?"

ሳቀ። ዓይኑ ግን ከውሃው አልተነሳም።

ጽሑፉ ታተመ። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ፊቱን አይተን ወሬ እንደሌለ እናውቃለን። እናቴ አትጠይቀውም፤ እርጎ ታቀርብለታለች። እኔ ደግሞ ቀልድ አቀርባለሁ። እርጎው ይሻል ነበር መሰለኝ።

ክረምቱ አልፎ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ አንድ ቀን ከወረታ በእግሩ እየሮጠ መጣ።

"ተጠራሁ" አለኝ።

አንስቼ አሽከረከርሁት። "እና ምን አለ ሰውየው?"

"ውሸት ነው አለ።"

አንድ ፈረንጅ ኖሯል የጻፈው፦ ተኝቶ ያረፈ ሰው ይህን ያህል አያነድም፤ ወይ ሰዎቹ ታመዋል፣ ወይ ለኪው ተሳስቷል። እኔ ደሜ ፈላ። "በሽተኛ ያለው እኔን ነው? ይምጣና ሞፈር ይጨብጥ" አልሁ። ሐኪሙ ግን "አንብቦኛል እኮ" ይላል፣ ደግሞ "ውሸት ነው አለኝ" ይላል። ደስታውና ቅስሙ መሰበሩ ባንድ ፊት ላይ ሲጋፉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሌላ ጊዜ አርፍዶ ነበር የሚነሳው፤ በማግሥቱ ግን ማልዶ ተነሳና እስክንመጣ አልጠበቀም፤ ወደ ማሳው ወጣ። እኔና አጎቴ በላብ ተጠምቀን ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘን።

"ከየት ነው የምትመጡት?"

"ከእርሻ ነዋ" አለ አጎቴ። "ጎህ ሲቀድ ጠመድን፣ አንተጋ ለመምጣት ፈታን።"

"አርፋችሁ ኑ ብዬ አልነበረም?"

"አንተ ዘንድ ስንመጣ ተኝተን እናርፍ የለ እንዴ? እህልም አልቀመስን። ደግሞስ ልጄ፣ በደህና ቀን ጠዋት የሚተኛ በሽተኛ ነው። የዋልካው አፈር ሳይደርቅ ሽምብራው ካልገባ ሁላችንም ተኝተን እንቀራለን።"

ሐኪሙ የአፈር ጓል ላይ ቁጭ አለ። ለካ ሲለካ የኖረው የእርሻውን ግለት ነው። "ሰውየው ልክ ነው" አለ ቀስ ብሎ። አጠገቡ ተቀመጥሁና ከጫማው ላይ ጭቃውን ፋቅሁለት።

ቀና ብሎ "ለመሆኑ መቼ ነው የማታርሱት?" አለ።

አጎቴ በዚህ ተገረመ። "በሚካኤል ማን ያርሳል? በእሑድስ?"

እውነትም በበዓል ሞፈር አይነካም፤ ቅዳሴ እስኪወጣም እህል አይቀመስም። ከዚያ ወዲያ በእሑድና በሚካኤል፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋቢያችንን ለብሰን እግቢያችን ተጋደምን። ቄሱ አይተውን "ቅዳሴ ላይ ያንቀላፋችሁት አልበቃ አለ?" አሉ። እኔማ ከረጢቱ ውስጥ አንኮራፋሁ። ስነቃ የሐኪሙ ኮት ላዬ ላይ ነው።

"እሳትህ ወርዷል" አለኝ።

"ትንሽ ጨምርልኝ፤ አገር ያውቀኛል።"

"አልጨምርም። እንደ ማንኛውም ሰው ነህ።"

እንዲህ ያለኝ ሰው እስካሁን በደህና ሄዶ አያውቅም። እሱን ምን ላድርገው?

አዲሱን ሲጽፍ መጀመሪያ የራሱን ስህተት አስቀመጠ፤ ፈረንጁንም አመሰገነ። "ለሰደበህ?" ስለው "እሱ ባያነሳኝ ከነስህተቴ እቀር ነበር" አለኝ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ያው ፈረንጅ እንደገና ጠራው፤ አሁን "እውነት ነው" ብሎ። እሱን አይተው ሌሎችም ጠሩት። ሐኪሙ መጥቶ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልን።

"እንግዲህ ትመላለሳለህ?" አለችው እናቴ።

"እመላለሳለሁ። አለቃዬ ፈቅዷል።"

"የሰውየው የክርስትና ስም ማነው? ቄሱ በጸሎት እንዲያስቡት እነግራቸዋለሁ።"

"ኧረ እኔ እንጃ። ይኑረው አይኑረውም አላውቅ።"

"ያ ፈረንጅ በያቸው" አለ አጎቴ። "ሚካኤል ያውቀዋል።"

ሐኪሙ መሳቅ ጀምሮ አልጨረሰውም፤ ፊቱን ወደ በረቱ አዞረ። እናቴም እንዳላየች ሆና እርጎውን ልታመጣ ተነሳች።