ፌስታል የቀረ ቀን በቅቤ ተራ

ነቀምቴ ገበያ ቅቤ ተራ የገባሁ ቀን አክስቴ ቅቤ አላስነካችኝም። ሥራዬ ኮባ ማዘጋጀት ነበር። ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ ፍም ላይ ለብለብ አደርገዋለሁ፤ ውሃ እረጭበታለሁ፤ ከዚያ ጉንጬ ላይ አስጠጋዋለሁ። «ጉንጭሽን ካላቀዘቀዘው ቅቤ አይነካም» አለችኝ።

በኋላ ፌስታል መጣ። ቀለለን፤ ኮባ ተረሳ። አንድ ዓመት ግን ከጊዳ አያና ቅቤ የምታመጣልኝ ሴት ባዶ እጇን መጣች። ላሟ ሞታ ሆዷ ሲከፈት ፌስታል ሞልቶበታል። «የእናንተን ገበያ ነው የበላችው» አለችኝ። ስለዚህ ፌስታል የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ አልከፋኝም።

ሕጉ የጸና ዕለት የገበያው ደንብ አስከባሪ ኦቦ ገመቹ ፌስታላችንን ሰበሰበ። ወዲያው የአርጆው ደንበኛዬ ኦቦ ታደሰ ደረሰ። በማግስቱ ሴት ልጁን ይድራል። እንደ ልማዱ ዕቃ ሳይዝ እጁን እያወዛወዘ ነው የመጣው።

«አዴ ወርቄ፣ በምን ልያዘው? ያለ ቅቤ ከገባሁ እናቷ እኔን ነው የምታነጥረኝ!»

ኦቦ ገመቹ የኦቦ ታደሰን አዲስ ባርኔጣ አየና «በእሱ» አለው።

«ያ ዋቃ! ለሠርጉ የገዛሁትን?»

ኮባ አስመጣሁ። ኦቦ ገመቹ አፍሮ ነው መሰለኝ እጅጌውን ሰብስቦ አጠገባችን ባለችው በቆሎ ጠባሽ ፍም ላይ ቅጠሉን ይለበልብ ጀመር። እኔ ስመዝን፣ ከጎኔ የምትሸጠው ጫልቱ ትኩሱን ቅጠል ተቀብላ ቅቤውን ጠቀለለችበት። በፌስታል ዘመን የገባች ናት፤ ቅጠሉ መቀዝቀዝ እንዳለበት አታውቅም።

ኦቦ ገመቹ ጥቅሉን ከፍ አድርጎ «ይኸው፣ ሕጋዊ ቅቤ!» አለ። ቅቤው ከሥሩ ሾልኮ ጫማው ላይ ተዘረገፈ።

«ኦቦ፣ ከእንግዲህ ሊስትሮ አያሻዎትም!» አለች ጫልቱ። ተራው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብዙ አልስቅም። ያን ቀን ሻሼን ነክሼ ተቀመጥኩ።

«መኪናው ሊሞላ ነው!» ብሎ ኦቦ ታደሰ ጮኸ።

ሌላ ቅቤ መዘንኩ። ሌላ የተለበለበ ቅጠል ላይ ውሃ ረጭቼ፣ እጄ ቅቤ ስለነበር፣ በኦቦ ገመቹ ጉንጭ ለካሁት።

«ቀዘቀዘህ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«እኔም ልለካ፣ ቅቤው የኔ ነው!» ብሎ ኦቦ ታደሰ ጉንጩን አቀረበ። «ቀዝቅዟል!»

ደራርቤ ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩት። እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ሮጠ። በማግስቱ ከሠርጉ መሀል ደወለ፤ «ጠብታ አልፈሰሰም። ባርኔጣዬም ደኅና ነው» አለ።

አሁን ጫልቱ ጉንጯ ላይ ሳትለካ አትጠቀልልም። ያለ ፌስታል መሸጥ ይቻላል። ኮባው ይቀዝቅዝ ብቻ።